አማካዮች ሲለያዩ፦ የእንሰት ጓሮና የልይይት ትንተና

በሀዲያና በከምባታ ምድር የሚጓዝ ሰው ከሆሳዕና ተነሥቶ ወደ ዱራሜ፣ ወደ ሾኔ ወይም ወደ ዶዮገና ሲያቀና ከየቤቱ ጀርባ ጥቅጥቅ ብሎ ቆሞ የሚያየው አረንጓዴ ተክል እንሰት ነው። እንሰት እንደ ስንዴ ወይም እንደ ጤፍ በአንድ መኸር ተዘርቶ የሚታጨድ ሰብል አይደለም። ችግኙ ከአንድ መደብ ወደ ሌላው እየተዛወረ፣ ፍግ እየተሰጠውና እየተኮተኮተ ለቆጮ እስኪደርስ እንደ ዝርያውና እንደ አካባቢው ከፍታ አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ከዚያ የበዛ ዓመት ይፈጃል። በመሆኑም አንድ አርሶ አደር «የትኛውን የእንሰት ዝርያ ልትከል?» ብሎ ሲጠይቅ የሚጠይቀው ስለ መጪው መኸር ሳይሆን፣ ዛሬ አንደኛ ክፍል የገባች ልጁ አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ክፍል ስትደርስ ቤተ ሰቡ ስለሚመገበው ምግብ ነው። ለዚህ ጥያቄ የተሳሳተ መልስ የሰጠ ባለሙያ ስህተቱን በሚቀጥለው ክረምት አያርመውም፤ በከንቱ ያለፉት ዓመታት አይመለሱምና።

አሁን ሦስት የእንሰት ዝርያዎች ተተክለው፣ ጊዜያቸው ደርሶ ተፍቀውና ተብላልተው ከእያንዳንዱ ተክል የተገኘው ቆጮ ተመዘነ እንበል። የመጀመሪያው ዝርያ በአማካይ 30፣ ሁለተኛው 33፣ ሦስተኛው ደግሞ 27 ኪሎ ግራም ሰጠ። ሁለተኛው ዝርያ በእርግጥ ከሌሎቹ ይበልጣልን? ብዙ ሰው ሳያመነታ «አዎን፣ 33 ከ30ም ከ27ም ይበልጣል» ይላል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ግን ለጥያቄው ከሦስቱ አማካዮች ብቻ መልስ ሊገኝ አይችልም የሚል ነው። አማካዮቹ የተገኙበት ዝርዝር መለኪያ ምን ያህል የተበታተነ እንደሆነ ካልታወቀ፣ በአማካዮች መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ይሁን ትንሽ የምንመዝንበት ሚዛን የለንም።

ሚዛኑን የሚሰጠን ዘዴ የልይይት ትንተና ይባላል፤ በምርምር ጽሑፎች ዘንድ «አኖቫ» በሚለው አጭር ስሙ ይበልጥ ይታወቃል። ከእንሰት ጓሮ ብዙ ሳንርቅ ይህን ዘዴ እንመለከታለን። መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል የሚችል አንባቢ ሁሉ እስከ መጨረሻው ሊከተለን ይችላል። በምሳሌነት የምናቀርባቸው የቆጮ ክብደቶች ለትምህርት ያሰናዳናቸው እንጂ ከየትኛውም ማሳ የተለቀሙ አለመሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

ሁለት ዓይነት ልዩነት

በፊዚክስ ቤተ ሙከራ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች በፔንዱለም አማካይነት የመሬትን የስበት ፍጥንጥነት እንዲለኩ እናደርጋለን። አራት ቡድኖች በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ለክተው አራት የተለያዩ አማካዮች ያመጣሉ። ስበት ግን ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ አይለዋወጥም። ልዩነቱ የመጣው የሰዓት መያዣውን ከተጫነው ጣት፣ ክሩን ከለካው ዓይንና ከመስኮቱ ከገባው ነፋስ ነው። ተማሪው ከዚህ የሚማረው የመጀመሪያ ቁም ነገር፣ እውነተኛ ልዩነት በሌለበትም አማካዮች ይለያያሉ የሚለው ነው።

በእንሰት ጓሮም እንዲሁ ነው። ከአንድ እናት ተክል የወጡ፣ በዘር ፍጹም አንድ የሆኑ ችግኞች እንኳ እኩል ቆጮ አይሰጡም። አንዱ ፍልፈል ሥሩን ነክቶታል፤ ሌላው የዛፍ ጥላ ውሏበታል፤ የሦስተኛው ቆጮ ሲመዘን ውኃው በደንብ አልተጨመቀም። ይህ በአንድ ዝርያ ውስጥ የሚታይ መበታተን የውስጥ ልይይት ይባላል። በዝርያዎቹ አማካዮች መካከል የሚታየው ደግሞ የመካከል ልይይት ነው።

በሆሳዕና የገበያ ቀን ወዳጁን ከሩቅ የሚጣራ ሰው ድምፁ መሰማት አለመሰማቱ በጉሮሮው ጥንካሬ ብቻ አይወሰንም፤ በገበያው ጫጫታም ጭምር እንጂ። በጸጥታ ሰዓት ሹክሹክታ ይሰማል፤ በጫጫታ መካከል ጩኸትም ይጠፋል። የመካከል ልይይት ድምፁ፣ የውስጥ ልይይት ጫጫታው ነው። የልይይት ትንተና ማለት ድምፁን ለጫጫታው አካፍሎ ውጤቱን መመልከት ነው።

ከሮትሃምስተድ የድንች ማሳ

ይህን ዘዴ ለዓለም ያበረከተው እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር ነው። ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1919 ከለንደን በስተሰሜን በሚገኘው የሮትሃምስተድ የግብርና ምርምር ጣቢያ ተቀጠረ። በጣቢያው እ.ኤ.አ. ከ1843 ጀምሮ የተጠራቀመ የሰብልና የማዳበሪያ መዝገብ ነበር። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1908፣ በደብሊን የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ዊልያም ጎሴት «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም በትንሽ ናሙና የሚሠራ ስሌት አሳትሞ ነበር። ሁለት አማካዮችን ለማነጻጸር ዛሬም ተማሪዎቻችን የሚጠቀሙበት ዘዴ ከዚያ ሥራ የመነጨ ነው። የፊሸር ችግር ግን የማሳ ሙከራ በሁለት ቡድን የማይወሰን መሆኑ ነበር።

ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1923 ከዊኒፍሬድ ማኬንዚ ጋር ባሳተመው ጽሑፍ አሥራ ሁለት የድንች ዝርያዎች በተለያየ ማዳበሪያ የሰጡትን ምርት በልይይት ትንተና መረመረ። የሚያስገርመው፣ በዚህ የመጀመሪያ ሥራው የዘዴው አባት ራሱ ተሳስቶ ነበር። ማሳው በመደብ፣ መደቡም በንዑስ መደብ የተከፋፈለ ሆኖ ሳለ ለሁሉም አንድ የስህተት መለኪያ ብቻ ተጠቀመ። ስህተቱን እ.ኤ.አ. በ1925 ለተመራማሪዎች ባዘጋጀው የስታቲስቲክስ መጽሐፍ አረመው። ይህም የሚያስተምረን ስሌቱ የማሳውን አደረጃጀት መከተል እንዳለበት ነው። ዝቅ ብለን እንደምናየው በሀዲያና በከምባታ ጓሮዎችም ትልቁ ጉዳይ ይኸው ነው።

ለምን ሁለት ሁለቱን አናነጻጽርም?

አንባቢ «ሁለት አማካዮችን የማነጻጸሪያ ዘዴ ካለ ሦስቱን ዝርያዎች ሁለት ሁለት እያደረግን ለምን አናነጻጽርም?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ይህን የሚያደርጉ የመመረቂያ ጽሑፎች ከእጃችን ሲገቡ ቆይተዋል። ጉዳቱ ወዲያው ስለማይታይ በዝርዝር ማየቱ ተገቢ ነው።

በሳይንስ ልማድ አንድ ልዩነት «እውነተኛ ነው» ከመባሉ በፊት፣ ልዩነት በሌለበት እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የሚገኝበት ዕድል ከመቶ 5 በታች እንዲሆን ይፈለጋል። ይህም ማለት ልዩነት በሌለባቸው ነገሮች ላይ ከሚደረጉ ሃያ ንጽጽሮች አንዱ በሐሰት «ልዩነት አለ» ብሎ ሊጮህ ይችላል። ሦስት ዝርያዎች ሦስት ጥንድ ይሰጣሉ፤ ስድስት ዝርያዎች 15 ጥንድ፣ አሥር ዝርያዎች ደግሞ 45 ጥንድ ይሰጣሉ። ንጽጽሮቹ እርስ በርሳቸው የማይነካኩ ቢሆኑ፣ ቢያንስ አንድ የሐሰት ጩኸት የመስማት ዕድላችን በሦስቱ ከመቶ 14፣ በስድስቱ ከመቶ 54፣ በአሥሩ ከመቶ 90 ገደማ ይሆናል። ጥንዶቹ ተመሳሳይ መለኪያዎችን ስለሚጋሩ ትክክለኛው ቁጥር ከዚህ ትንሽ ይለያል፤ አደጋው ግን ያው ነው።

በሀዲያና በከምባታ አርሶ አደሮች እንደ ሲስቀላ፣ ዲሾና ጊምቦ ያሉ የየራሳቸው ስምና ጠባይ ያላቸውን ብዙ የእንሰት ዝርያዎች በአንድ ጓሮ ጎን ለጎን ያበቅላሉ። አሥር ዝርያዎችን ጥንድ በጥንድ ያነጻጸረ ተመራማሪ፣ ዝርያዎቹ በምርት ፍጹም እኩል ቢሆኑ እንኳ «አሸናፊ» የሚለውን ሳያገኝ የሚወጣው ከስንት አንዴ ነው። ያ አሸናፊ ለአርሶ አደሩ ከተመከረለት ደግሞ፣ ምክሩ ባዶ መሆኑ የሚታወቀው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው።

የልይይት ትንተና ሁሉንም ቡድኖች በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ጥያቄ ይመረምራል፤ «ሁሉም ዝርያዎች በእውነቱ አንድ አማካይ ያላቸው ቢሆኑ ኖሮ፣ ይህን የመሰለ ልዩነት በአጋጣሚ ማየት ይቻል ነበርን?» ይላል። «ሁሉም እኩል ናቸው» የሚለው መነሻ ባዶ መላምት ይባላል።

ሁለት ጓሮዎች፣ ተመሳሳይ አማካዮች

በመጀመሪያው ጓሮ ከእያንዳንዱ ዝርያ አምስት አምስት ተክሎች ተፍቀው የሚከተለው ቆጮ በኪሎ ግራም ተመዘነ እንበል።

ዝርያ ሀ፦ 28፣ 30፣ 32፣ 29፣ 31 (አማካይ 30)
ዝርያ ለ፦ 31፣ 33፣ 32፣ 35፣ 34 (አማካይ 33)
ዝርያ ሐ፦ 25፣ 27፣ 26፣ 29፣ 28 (አማካይ 27)

የአሥራ አምስቱ ተክሎች አጠቃላይ አማካይ 30 ነው።

አንደኛ፣ የውስጡን መበታተን እንለካ። እያንዳንዱ ተክል ከዝርያው አማካይ የራቀበትን መጠን በራሱ እናባዛና እንደምራለን። ለዝርያ ሀ፣ 28 ከ30 በ2 ያንሳል፤ ካሬው 4 ነው። 30 አይርቅም፤ ካሬው 0 ነው። በዚሁ ሁኔታ ቀጥለን ስንደምር 4+0+4+1+1=10 እናገኛለን። የለም የሐም ድምር 10፣ 10 ነው። በጠቅላላው የውስጥ የካሬዎች ድምር 30 ይሆናል።

ሁለተኛ፣ የመካከሉን እንለካ። የሦስቱ ዝርያዎች አማካዮች ከአጠቃላዩ አማካይ የራቁት በ0፣ በ3 እና በ3 ነው፤ የካሬዎቹ ድምር 18 ነው። እያንዳንዱ አማካይ አምስት ተክሎችን ስለሚወክል በ5 እናባዛለን፤ የመካከል የካሬዎች ድምር 90 ይሆናል።

ሦስተኛ፣ እነዚህን ድምሮች ለየነጻነት ዲግሪያቸው እናካፍላለን። የነጻነት ዲግሪ ማለት በነጻነት ሊለዋወጡ የሚችሉ ቁጥሮች ብዛት ነው። ሦስት አማካዮች ከአንድ አጠቃላይ አማካይ ጋር ከታሰሩ በነጻነት የሚለዋወጡት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ሁለቱ ከታወቁ ሦስተኛው ግድ ይታወቃልና። በዚሁ ምክንያት 15 ተክሎች ከሦስት አማካዮች ጋር ሲታሰሩ 12 ነጻ ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ የመካከል ልይይት 90÷2=45፣ የውስጥ ልይይት ደግሞ 30÷12=2.5 ነው።

በመጨረሻ ድምፁን ለጫጫታው እናካፍላለን፤ 45÷2.5=18። ይህ ውድር «ኤፍ» ይባላል። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1934 የሰጠው አሜሪካዊው ጆርጅ ስኔዴከር ሲሆን፣ የፊደሉ ምርጫ የፊሸርን ስም ለማክበር ነው።

ዝርያዎቹ በእውነቱ እኩል ቢሆኑ ኤፍ ስንት ይሆን ነበር? ወደ አንድ የተጠጋ ነው። የአምስት ተክሎች አማካይ ልይይት የአንድ ተክል ልይይት አንድ አምስተኛ መሆኑ ይታወቃል፤ አምስት ስናባዛበት ወደ አንድ ተክል ልይይት ይመለሳል። እንግዲያው ባዶው መላምት እውነት ከሆነ የላይኛውም የታችኛውም ቁጥር ያንኑ የተፈጥሮ መበታተን በሁለት መንገድ ይለካሉ ማለት ነው። በ2 እና በ12 የነጻነት ዲግሪ በአጋጣሚ ብቻ ከ3.89 የሚበልጥ ኤፍ የሚገኘው ከመቶ አምስት ጊዜ ነው። እኛ ያገኘነው 18 ከዚህ እጅግ ይበልጣል፤ በመሆኑም በዚህ ጓሮ ዝርያዎቹ እኩል ናቸው የሚለው መላምት ውድቅ ይሆናል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጓሮ እንሻገር።

ዝርያ ሀ፦ 41፣ 31፣ 30፣ 29፣ 19 (አማካይ 30)
ዝርያ ለ፦ 40፣ 37፣ 35፣ 29፣ 24 (አማካይ 33)
ዝርያ ሐ፦ 36፣ 31፣ 25፣ 23፣ 20 (አማካይ 27)

አማካዮቹ ያው ናቸው፤ የመካከል ልይይትም ያው 45 ነው። የውስጥ የካሬዎች ድምር ግን 244፣ 166 እና 166፣ በጠቅላላው 576 ሆኗል። ለ12 ሲካፈል 48 ይደርሳል። ኤፍ 45÷48፣ ማለትም 0.94 ገደማ ነው፤ ከአንድም ያነሰ! እነዚያው 30፣ 33 እና 27 በመጀመሪያው ጓሮ ጠንካራ ማስረጃ ሲሆኑ በሁለተኛው ጓሮ ምንም አልነገሩንም። አማካይ ብቻውን አይበቃም ያልነው ስለዚህ ነው።

ለፊዚክስና ለሒሳብ ተማሪዎች አንድ ነገር እንጨምር። በመጀመሪያው ጓሮ እያንዳንዱ ተክል ከአጠቃላዩ አማካይ የራቀበት የካሬዎች ድምር 120 ነው፤ 90+30 መሆኑን ልብ ይሏል። በሁለተኛው 666 ሲሆን 90+576 ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ የፒታጎረስ ሕግ ነው። አሥራ አምስቱን መለኪያዎች በአሥራ አምስት አቅጣጫዎች እንደተዘረጋ አንድ ቀስት ብንቆጥራቸው፣ የመካከሉና የውስጡ ልዩነት በቀጤ ማዕዘን የሚገናኙ ሁለት ጎኖች ይሆናሉ። አጠቃላዩ ከቀጤ ማዕዘኑ ፊት ለፊት ያለው ረጅም ጎን ነው። ርቀቶችን በካሬ የምንለካበት አንዱ ታላቅ ምክንያት ይህ ነው።

ከቤቱ ደጃፍ የሚጀምር ልዩነት

በሁለተኛው ጓሮ ይህን ያህል ጫጫታ ከየት መጣ? የእንሰት ጓሮ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመመለስ አይቸገርም። በሀዲያም በከምባታም እንሰት የሚተከለው ከቤት ጀርባ ነው። የከብቱ ፍግ፣ የምድጃው አመድና የቤቱ ጥራጊ የሚደፋው ከቤቱ አጠገብ በመሆኑ፣ ከበሩ እየራቅን በሄድን ቁጥር አፈሩ እየሳሳ ይሄዳል። በዝርዝሩ ያሰፈርናቸው ቁጥሮች በቅደም ተከተል ከቤቱ ቅርብ ከሆነው ረድፍ እስከ ሩቁ ረድፍ የተጻፉ ናቸው እንበል። የአምስቱ ረድፎች አማካይ 39፣ 33፣ 30፣ 27 እና 21 ይሆናል። ጫጫታ ያልነው ነገር አብዛኛው ሥርዓት ያለው የአፈር ልዩነት ኖሯል።

ተመራማሪው ይህን አስቀድሞ ተገንዝቦ ጓሮውን በአምስት ረድፍ ከፍሎ፣ በእያንዳንዱ ረድፍ ሦስቱንም ዝርያዎች ተክሎ ከሆነ፣ የረድፉን ልዩነት ከውስጡ መበታተን መቀነስ ይችላል። ረድፎቹ ከ30 የራቁት በ9፣ በ3፣ በ0፣ በ3 እና በ9 ነው፤ የካሬዎቹ ድምር 180 ነው። በየረድፉ ሦስት ተክል ስላለ በ3 ሲባዛ 540 ይሆናል። ከ576 ላይ 540 ሲቀነስ የሚተርፈው እውነተኛው ጫጫታ 36 ብቻ ነው። ረድፎቹ አራት የነጻነት ዲግሪ ስለወሰዱ 8 ይቀራል፤ 36÷8=4.5። አዲሱ ኤፍ 45÷4.5=10 ይሆናል። በ2 እና በ8 የነጻነት ዲግሪ መሻገር ያለበት ወሰን 4.46 ነው። ሳይሰማ ቀርቶ የነበረው ድምፅ አሁን በግልጽ ተሰማ።

ይህ አሠራር ብሎክ ማድረግ ይባላል። ሁለት ማስጠንቀቂያ ግን አለው። አንደኛ፣ ብሎኩ ከተከላ በፊት መታቀድ አለበት፤ ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ ደስ የሚል ውጤት እስኪወጣ ድረስ ጓሮውን ወዲያና ወዲህ መከፋፈል ራስን ማታለል ነው። ሁለተኛ፣ በየረድፉ ውስጥ የትኛው ዝርያ በየትኛው ጉድጓድ እንደሚተከል በዕጣ መወሰን አለበት። ሦስት ቁራጭ ወረቀት ይበቃል። ዕጣ ካልወጣ፣ የወደድነውን ዝርያ ሳናስበው ለፍጉ እናስጠጋዋለን። ለሚፍቁት ሴቶችም ይኸው ደንብ ይሠራል፤ አንዷ ዝርያ ሀን ብቻ፣ ሌላዋ ዝርያ ለን ብቻ ከፋቀች የለካነው ዝርያውን ይሁን የእጃቸውን ቅልጥፍና ማወቅ አይቻልም።

የትኛው ከየትኛው?

ኤፍ ከወሰኑ አለፈ ማለት «ሁሉም እኩል አይደሉም» ማለት ብቻ ነው፤ የትኛው ከየትኛው እንደሚለይ አይናገርም። ለዚህ ከተዘጋጁት ዘዴዎች አንዱ አሜሪካዊው ጆን ቱኪ እ.ኤ.አ. በ1949 ያቀረበው ነው። የቱኪ ዘዴ ሁሉም ጥንዶች በአንድነት ሲታዩ የሐሰት ጩኸት ዕድሉ ከመቶ 5 እንዳያልፍ አድርጎ አንድ የጋራ ወሰን ያወጣል። በብሎክ ለተሠራው ሁለተኛ ጓሮ ይህ ወሰን 3.83 ኪሎ ግራም ያህል ነው።

በዝርያ ለ እና በዝርያ ሐ መካከል ያለው ልዩነት 6 ኪሎ ግራም በመሆኑ ወሰኑን ያልፋል። ሀ ግን ከሁለቱም በ3 ብቻ ስለሚለይ አያልፍም። ለአርሶ አደሩ የሚሰጠው ምክር እንግዲህ «ለ አሸናፊ ነው፤ ሌላውን ንቀል» የሚል ሊሆን አይገባም። «አዲስ ስትተክል በሐ ምትክ ለን ምረጥ፤ ሀን ግን ለመንቀል የሚያበቃ ማስረጃ የለንም» የሚል ነው። አምስት ዓመት የለፉበትን ተክል በማቆየትና በመንቀል መካከል ያለው ውሳኔ በዚህ ጥንቃቄ ላይ ይንጠለጠላል።

ዘዴው የሚጠይቃቸው ቅድመ ሁኔታዎች

የልይይት ትንተና ሦስት ነገሮችን ታሳቢ ያደርጋል። የመጀመሪያውና ዋነኛው መለኪያዎቹ እርስ በርስ ነጻ መሆናቸው ነው። የአንድን ተክል ቆጮ አምስት ጊዜ መመዝን አምስት ተክል መመዘን አይደለም። ይህን የሚያምታታ ሰው የነጻነት ዲግሪውን በሐሰት ያበዛና የሌለ ልዩነት ያያል። ሁለተኛው የቡድኖቹ የውስጥ መበታተን ተቀራራቢ መሆኑ ነው። ሦስተኛው መለኪያዎቹ በአማካያቸው ዙሪያ የደወል ቅርጽ ይዘው መከማቸታቸው ነው። ሁለተኛው ሲጓደል ዌልች እ.ኤ.አ. በ1951 ያሻሻለው ስሌት፣ ሦስተኛው ክፉኛ ሲጓደል ደግሞ ክሩስካልና ዋሊስ እ.ኤ.አ. በ1952 ያቀረቡት፣ በክብደቱ ፈንታ በደረጃ ቅደም ተከተል የሚሠራው ዘዴ ይረዳል።

ይህ ለእንሰት ምርምር በተለይ ያስፈልጋል። በባክቴሪያ የሚመጣውንና አርሶ አደሩን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስጨንቀውን የእንሰት አጠውልግ በሽታ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 በሳይንሳዊ ጽሑፍ ከገለጹት ወዲህ፣ በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ ፍለጋ አልቆመም። በዚህ ፍለጋ የሚለካው ብዙ ጊዜ ከመቶ ስንት ተክል እንደታመመ ነው። ከመቶ የሚሰላ ቁጥር ወደ 0 ወይም ወደ 100 ሲጠጋ መበታተኑ ስለሚጠብ ሁለተኛው ቅድመ ሁኔታ ይፈርሳል። እንዲህ ያለውን መለኪያ እንደ ቆጮ ክብደት አድርጎ ወደ ኮምፒዩተር ማስገባት አይገባም።

ኮምፒዩተር በሌለበት ትምህርት ቤትም ዘዴውን ማስተማር ይቻላል። አሥራ አምስቱን ቁጥሮች በአሥራ አምስት ቁራጭ ወረቀት ጽፎ በባርኔጣ ውስጥ መቀላቀል፣ በሦስት ቡድን ማደልና ኤፍን ማስላት ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ጥቂት ጊዜ ቢደጋግመው አንድ ክፍል በአንድ ክፍለ ጊዜ ብዙ የአጋጣሚ ኤፎችን ያከማቻል። ከእነዚያ መካከል ስንቶቹ ከመጀመሪያው ጓሮ 18 እንደሚበልጡ ሲቆጥሩ «በአጋጣሚ» የሚለውን ቃል ትርጉም በእጃቸው ይዳስሱታል።

ከተሞችን ስናነጻጽር

ይህ ዘዴ ከጓሮ ወጥቶ ወደ ከተማ ሲገባ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይሻል። የሆሳዕና፣ የዱራሜ፣ የሾኔና የአንጋጫ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች በፊዚክስ ፈተና ያገኙት አማካይ ተነጻጽሮ ኤፍ ከወሰኑ ቢያልፍ፣ ልዩነት መኖሩን እንቀበላለን። ምክንያቱን ግን አላወቅንም። እንሰቱን በየጉድጓዱ የመደብነው በዕጣ ነው፤ ተማሪን በየከተማው በዕጣ የመደበ የለም። የወላጅ ገቢ፣ የመጻሕፍት አቅርቦትና የመንገድ ርቀት ሁሉ ከከተማው ስም ጋር ተቀላቅለው ይመጣሉ። ከዚህም በላይ በአንድ ክፍል የተማሩ ተማሪዎች አንድ መምህር ስለሚጋሩ እርስ በርስ ነጻ መለኪያዎች አይደሉም። «የእገሌ ከተማ መምህራን ደካሞች ናቸው» የሚል ድምዳሜ ከእንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ማውጣት ሰውን ያለ ማስረጃ መክሰስ ነው።

በሌላ በኩል ኤፍ ከወሰኑ በታች መሆኑ «ልዩነት የለም» ማለት አይደለም። ሁለተኛውን ጓሮ እናስታውስ፤ ልዩነቱ ነበረ፣ የአፈሩ ጫጫታ ጋርዶት ነበር እንጂ። እንዲህ ሲሆን ትክክለኛው አባባል «በዚህ ሙከራ ልዩነት አላየንም» የሚለው ነው።

ማጠቃለያ

በሆሳዕና ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል፤ በአጎራባቹ ወላይታ ያለው የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከልም በእንሰት ምርምር የታወቀ ነው። ከየዩኒቨርሲቲዎቻችን በየዓመቱ የሚወጡት የመመረቂያ ጽሑፎች ቁጥር ቀላል አይደለም፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ቡድኖችን ያነጻጽራሉ። ዛሬ ስሌቱን ኮምፒዩተር በቅጽበት ይሠራዋል። ዕጣው ወጥቶ እንደሆነ፣ ረድፉ ከቤቱ ርቀት ጋር የተያያዘ መሆኑን፣ አምስት ተክል ተመዘነ ወይስ አንድ ተክል አምስት ጊዜ የሚለውን ግን ኮምፒዩተሩ አይጠይቅም። ይህን መጠየቅ የተመራማሪው ድርሻ ነው።

የትኛውም ስሌት ቢሆን አርሶ አደሩ ለዝርያ የሚሰጠውን ዋጋ በሙሉ አይለካም። አንዱ ለቡላው፣ ሌላው ለቃጫው፣ ሦስተኛው ለአሚቾው፣ አራተኛው በሽታ በመቻሉ ይወደዳል፤ ብዙ ዝርያ በአንድ ጓሮ ማቆየትም የራሱ ጥበብ አለው። የልይይት ትንተና የሚያበረክተው አንድ የተወሰነ፣ ነገር ግን ውድ የሆነ አገልግሎት ነው፤ ይኸውም አጋጣሚ የፈጠረውን ልዩነት እንደ እውነት ቆጥረን ለጎረቤታችን እንዳንመክር ይጠብቀናል። መታረሚያው አምስት ዓመት በሚፈጅበት አገር ይህ ጥበቃ ትንሽ ነገር አይደለም።